የገባ አይወጣም፦ አመጋገቡ ለተለያየ ቤተሰብ በአንዴ ማብሰል

አንድ ቤት እናስብ። አያት ረቡዕንና ዓርብን ሳያጓድሉ ይጾማሉ፤ የደም ግፊት መድኃኒትም ይወስዳሉ። አባት የስኳር ሕመም አለበት። ትልቋ ልጅ ጨጓራዋን ስለሚያቃጥላት በርበሬ የበዛበት ወጥ አትነካም። ታናሽ ወንድሟ እንቁላል አይስማማውም፤ ከቀመሰ ፊቱ ያብጣል። የዘጠኝ ወሯ ሕፃን ምግብ ከጀመረች ገና ሦስት ወሯ ነው። እናት ደግሞ ከሥራ የምትገባው ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። የሕመሙና የጾሙ ዓይነት ይለያይ ይሆናል እንጂ ብዙዎቻችን የምናውቀው ቤት ነው።

በዚህ ቤት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ እናት በየማታው ሦስት ድስት ትጥዳለች፤ ወይ ሁሉም ከአንድ ድስት ይበላና ጨው የተከለከሉት አያት “ትንሽ ነው፣ ምን ያደርገኛል” እያሉ ያልፉታል። የመጀመሪያው የምታበስለውን ሰው ያደክማል፣ ሁለተኛው ታማሚውን ይጎዳል። የተሻለ መንገድ አለ፦ በሳምንት አንድ ቀን ለሁሉም የሚሆን መሠረት አብስሎ፣ ከፋፍሎ ማስቀመጥና ለየሰዉ የሚያስፈልገውን በየዕለቱ መጨረሻ ላይ መጨመር። ይህን የሚያስኬደው አንድ ሕግ ብቻ ነው። ወጥ ውስጥ የሌለውን መጨመር ይቻላል፣ የገባውን ማውጣት ግን አይቻልም። ቅቤ ከገባ ድስቱ የፍስክ ሆነ፤ ጨው ከገባ ለአያትም ለሕፃኗም አይሆንም። ስለዚህ ለአንዱም ሰው ቢሆን የተከለከለ ነገር የሚገባው ድስቱ ከተከፈለ በኋላ ነው።

የሀገራችን ወጥ ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው፤ አብዛኛው የሚጀምረው ከቁሌት ነውና። ጊዜ የሚፈጀውም ቁሌቱ ነው። ሽንኩርት ወደ 90 ከመቶ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ያ ውሃ ተኖ ሽንኩርቱ እስኪልምና እስኪጣፍጥ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። ቁሌት በእጅ ካለ ምስር ወጥ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ይደርሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ብዙ ሐበሻ ቤተሰቦች ቁሌትን በብዛት ሠርተው ፍሪዘር ውስጥ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው፤ በአዲስ አበባም ሠራተኛ ለሆነች እናት ከዚህ የሚበልጥ እገዛ አላውቅም።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት 4 ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና ሰፊና ታቹ ወፍራም በሆነ ድስት ይጣዳል። መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው። ሽንኩርቱ ውሃውን እየተፋ በገዛ ውሃው ይበስላል፤ ታች መያዝ ሲጀምር የፈላ ውሃ ጠብ እየተደረገ ይማሰላል። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ በደንብ ከላመ በኋላ ስለሆነ ብዙ አይጠይቅም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ውፍረትና ስኳር ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ቀላል ስላልሆነ ዘይቱ ከጀሪካን በግምት ከሚንቆረቆር በሲኒ ተለክቶ ቢገባ ይመረጣል። የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ከተገኘ ደግሞ ከፓልም ይሻላል፤ ፓልም ውስጥ የሚረጋው የስብ ዓይነት ይበዛል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላሉ፣ እነሱም ገብተው ትንሽ ይቁላላሉ።

እዚህ ላይ ምድጃውን ቀንሶ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው መለያያ ይህ ነው። ጨውና ቅቤ እስከ መጨረሻው ይጠብቃሉ፣ በርበሬ ግን አይጠብቅም። ከሽንኩርትና ከዘይት ጋር በዝግታ ያልተቁላላ በርበሬ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሳህን ላይ ነስንሰው የሚያስተካክሉት ነገር አይደለም። ስለዚህ በርበሬው ከመግባቱ በፊት የድስቱ ሲሶ ይቀዳል። ይህ ነጩ ቁሌት ነው፦ ለአልጫው፣ ለትልቋ ልጅ፣ ለሕፃኗ። በቀረው ላይ በርበሬው ገብቶ፣ ውሃ ጠብ እየተደረገበት፣ ዘይቱ ከላይ መታየት እስኪጀምር ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቁላላል። ሁለቱም ቁሌቶች ጨው የለባቸውም፣ ቅቤም የለባቸውም።

ስለ ትልቋ ልጅ አንድ ነገር ልበል። ጨጓራን ያመጣው በርበሬ ነው የሚባለው ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። አብዛኛውን የጨጓራ ቁስለት የሚያመጡት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። በርበሬ የቆሰለውን ይቀሰቅሳል እንጂ ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። አልጫው ልጅቷን ያሳርፋታል፣ አያድናትም። ሕመሙ የሚመላለስባት ከሆነ ምርመራ ያስፈልጋታል፤ ባክቴሪያው ከተገኘ በመድኃኒት ይጠፋል፣ ልጅቷም ምናልባት ወደ ቀዩ ወጥ ትመለሳለች።

ቁሌቱ ሲንተከተክ ሌላው ምድጃ ሥራ አይፈታም። ምስር ክክና አተር ክክ ለየብቻ በውሃ ብቻ፣ ያለ ጨው ይቀቀላሉ። ሽምብራ ወይም ድፍን ምስር ከተፈለገ ቀድሞ በውሃ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ጥራጥሬ እዚህ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ፕሬሸር ኩከር ላለው ቤት ትልቅ እረፍት ነው። ሥጋ ለፍስክ ቀን ከተፈለገ በሌላ ድስት፣ በሌላ መክተፊያና ቢላ ይሠራል።

ጨው ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፣ ብዙው ጥፋት ያለው እዚህ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። በቤታችን ድስት እናስላው። ለስድስት ሰው በተሠራ ወጥ ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨው ከገባ ለአንዱ ሰው ግማሽ ማንኪያ ይደርሰዋል፤ በአንድ ምሳ የቀኑ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ቁርስ ላይ የተበላው ዳቦ ገና አልተቆጠረም። ከዚህ በላይ የማይታይ ጨው አለ። በብዙ ቤት በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው ከቅመሙ ጋር አብሮ ይፈጫል፤ ሚጥሚጣና ምጥን ሽሮም እንዲሁ። “እኔ ለእማዬ ጨው አላደርግም” የምትል ልጅ በበርበሬው በኩል ሳታውቀው ታደርጋለች። መፍትሔው በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ያለ ጨው ማስፈጨት ነው። ከገበያ የሚገዛ ከሆነ ሻጯን መጠየቅ፤ እርግጠኛ ካልሆነች በርበሬው ጨው እንዳለው ቆጥሮ ወጡ ላይ ሌላ አለመጨመር።

ጨው መጨረሻ ላይ ሲገባ ሌላም ጥቅም አለው። አዮዲን ያለው ጨው ብዙ በተንተከተከ ቁጥር አዮዲኑ ይቀንሳልና ከእሳት ሊወርድ ሲል ቢገባ ይሻላል። መጀመሪያ የአያትና የሕፃኗ ድርሻ ይቀዳል፤ ከዚያ የቀረው ይጨመርበታል። የአያት ወጥ ጣዕም እንዳያጣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ያግዛሉ፤ ምላስም ከሳምንታት በኋላ ይለምደዋል። ሶዲየሙ ተቀንሶ ፖታሲየም የተጨመረበት ጨው ግን በዘፈቀደ አይገዛም። ኩላሊት ለታመመ፣ እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ በደም ውስጥ ከልክ በላይ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ።

አንድ ረቡዕ ማታ ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚሆን እንይ። እናት ጠዋት ስትወጣ ቀይ ቁሌት ያለበትን ላስቲክ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዳዋለች። ማታ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ቁሌቱ ትልቁ ድስት ውስጥ ይሞቃል፣ የተቀቀለው ምስር ይገባል፣ ውሃ ይስተካከልና ይንተከተካል። በትንሿ ድስት ነጭ ቁሌትና አተር ክክ ከእርድ ጋር ይጣዳሉ። ጎመኑን ትልቋ ልጅ ትከትፋለች፣ በጥቂት ዘይትና በነጭ ሽንኩርት ይበስላል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከትልቁ ድስት በጭልፋ የአያት ሳህን ይቀዳል፤ ከትንሿ የሕፃኗ። ከዚያ በቀሩት ላይ ጨው። የጾም ቀን ስለሆነ ገበታው ሁሉ የጾም ነው። ሐሙስ ማታ ያው ቀይ ቁሌት ለሥጋ ወጥ ይሆናል፤ ቅቤ ለሚስማማው በየሳህኑ በማንኪያ ጫፍ ይደረጋል።

ሕፃኗ አትጾምም። በዘጠኝ ወር ከጡት ወተት ሌላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ምግብ ያስፈልጋታል። አልጫው ተፈጭቶ፣ ከማንኪያ የማይፈስ ያህል ወፍሮ፣ በላዩ ትንሽ ቅቤ ወይም የተቀቀለ እንቁላል ተደቁሶበት ይሰጣታል። ጨው አይጨመርላትም፣ አንድ ዓመት ሳይሞላት ማርም አትቀምስም።

እንቁላሉ ወንድሟን ያሳስበናል። ለዚህ ግን የእኛ ቤት እናቶች ቀድመው የሚያውቁት ትምህርት አላቸው። የጾም ድስት ውስጥ የፍስክ ጭልፋ እንደማይነከር፣ ቅቤ የነካ እጅ ሳይታጠብ የጾሙን እንደማይነካ፣ ዕቃው እንኳ ለብቻ እንደሚቀመጥ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። አለርጂ የሚጠይቀው ጥንቃቄም ይኸው ዓይነት ነው። እንቁላል ለዶሮ ወጥ ለብቻው ይቀቀልና በሚበሉት ሰዎች ሳህን ላይ ይቀመጣል፤ ድስቱ ውስጥ አይገባም። ማንኪያው ይለያል፣ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ኬክ፣ ማዮኔዝና አንዳንድ ፓስታ እንቁላል ስላለባቸው ለትምህርት ቤት ምሳ ዕቃ ሲዘጋጅ ይታሰብባቸው፤ ልጁም ከጓደኛው ምሳ ዕቃ እንዳይካፈል በለሆሳስ ይነገረው። ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው ግን ቤት ውስጥ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ለተከለከለ ሰውም ይኸው ልማድ ይሠራል። ጤፍ በተፈጥሮው ግሉተን የለበትም። ሆኖም ስንዴ ወይም ገብስ ከተቀላቀለበት፣ ወይም ስንዴ በወጣበት ወፍጮ ወዲያው ከተፈጨ እንጀራው ለእንዲህ ያለው ሰው አይሆንም። በውጭ ሀገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር የተደባለቀ ስለሆነ፣ በተለይ ልጃቸው ሴሊያክ (ግሉተን የሚያስከለክል ሕመም) አለበት የተባሉ ወላጆች “የጤፍ” የሚለውን ስም ብቻ አይመኑ፤ ምን እንደገባበት ይጠይቁ፣ እርሾው የተገኘበትን ዱቄትም ጭምር።

ወደ አባት እንምጣ። ለስኳር ሕመም የተለየ ወጥ አያስፈልግም፤ የሚለወጠው መጠኑ ነው። ከሚቀርብለት ግማሹ አትክልት ቢሆን፣ ሩቡ እንደ ምስር፣ ሥጋ ወይም ዓሣ ያለ፣ ሩቡ ደግሞ እንጀራ ወይም ሌላ ስታርች ቢሆን ጥሩ ነው። አትክልት ስንል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ሰላጣ ነው፤ ድንች ከእንጀራው ጋር ይቆጠራል። ምስርና ሽሮም ስታርች አላቸው፣ ግን ፕሮቲንና ቃጫ ስላላቸው ስኳሩን በዝግታ ይለቁታል። ችግሩ ከአንድ ትሪ አብሮ ሲበላ ማን ምን ያህል እንጀራ እንደበላ አለመታወቁ ነው። የአባት እንጀራ አስቀድሞ ተቆርጦ ወይም ተጠቅልሎ በፊቱ ቢቀመጥ፣ እሱ ካለቀ ሌላ እንደማይጨምር ቤተሰቡ ሁሉ ቢያውቅ ብዙ ነገር ይቀላል። ጉርሻው ከዚያው ከእርሱ ድርሻ ይሁን።

ጾምንና ስኳርን አያይዘን ካላየናቸው ደግሞ እንሳሳታለን። የጾም ምግብ ሁሉ ለስኳር ይስማማል ማለት አይደለም፤ ሳህኑ ዳቦ፣ ድንች፣ ሩዝና ፓስታ ብቻ ከሆነ ስኳሩ ከፍስክ ቀን ይልቅ ሊወጣ ይችላል። ሁዳዴ 55 ቀን፣ የነቢያት ጾም ደግሞ ወደ 43 ቀን ነው። ይህን ያህል ጊዜ በዚህ ዓይነት ሳህን መቆየት ጉዳት አለው። ስለዚህ በጾም ሳምንት እሑድ ከሚበስለው ውስጥ የጥራጥሬውና የአትክልቱ ድርሻ መብዛት አለበት። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የመሰለ ክኒን የሚወስድ ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ስኳሩ በጣም ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከታየበት ሰዓት ሳይጠብቅ ስኳር ያለው ነገር መቅመስ አለበት። የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙ ጋር፣ የጾሙ ነገር ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገርበት።

ስለ ገበታው አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ከሁሉም አጥብቄ የምይዘውም ይህን ነው። “የበሽተኛ ምግብ” ተብሎ ከጓዳ ለብቻው የሚወጣ ሳህን ሰውን ያሳንሳል፤ ታማሚ የታዘዘለትን የሚተወው ጣዕሙን ጠልቶ ብቻ ሳይሆን ከገበታው መለየቱም ከብዶት ሊሆን ይችላል። በአንድ መሠረት የተሠራ ወጥ ግን መልኩም ሽታውም አንድ ነው። የአያት ምስር ከልጆቹ ምስር በዓይን አይለይም። ትሪው ላይ ሁሉም የሚበሉት ይሁን፤ ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ቅቤና እንቁላል በየትንንሽ ዕቃው ዳር ላይ ይቅረቡ፣ የፈለገ ይጨምር።

አሁን ወደ ማስቀመጡ። በብዛት ማብሰል በብዛት ሊያበላሽም ይችላልና ይህ ክፍል አይዘለልም። በብዙ ቤት ወጥ ምድጃው ላይ ያድርና ጠዋት ይፈላል፤ ከፈላ በኋላ ምንም እንደማይሆን ይታመናል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ግን ፈልተውም የማይሞት ዘር አላቸው፤ ድስቱ ለብ ብሎ ሲያድር ይራባሉ። የአንዳንዶቹን መርዝም ዳግም ማፍላት አያጠፋውም። ትልቅ ድስት ደግሞ መሃሉ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከምድጃ የወረደው ቁሌትና ጥራጥሬ ከአራት ጣት በማይበልጥ ከፍታ በየዝርግ ዕቃው ይገለበጥ፣ ዕቃው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይማሰል፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፍሪጅ ይግባ። ፍሪጅ ከ5 ዲግሪ በታች፣ ፍሪዘር 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች መሆን አለባቸው።

ፍሪጅ ውስጥ ያለው በሦስት ቀን ይበላ። ከረቡዕ በኋላ የሚፈለገው ከእሑዱ ጀምሮ ፍሪዘር ይግባ። ላስቲኩ ለአንድ ማታ የሚበቃ ብቻ ይያዝ፣ ጠፍጥፎ ቢቀመጥ ቶሎ ይቀዘቅዛል ቶሎም ይሟሟል። ላዩ ላይ ቀኑና “ቀይ፣ ጨው የለውም”፣ “ነጭ”፣ “የፍስክ” ተብሎ ይጻፍበት፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላልና። ቁሌት፣ ምስርና አተር ክክ በፍሪዘር አይበላሹም። ድንች ይሻክራል፣ የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ላስቲክ ይሆናል፣ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ይለሰልሳሉ፤ እነዚህ በዕለቱ ይሠሩ። የሚሞቀው የሚበላው ብቻ ነው፣ እሱም እስኪፈላ። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁ በር አይከፈት፤ ተዘግቶ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48፣ ግማሽ የሆነ እስከ 24 ሰዓት።

ፍሪጅ የሌለው ቤትስ? እሱም ከዚህ ዘዴ ውጭ አይደለም፣ የሚያዘጋጀው በደረቁ ነው። ሽሮ ራሱ ለወራት አስቀድሞ የተሠራ ምግብ ነው፤ ተቆልቶ፣ ተከክቶ፣ ቅመሙ ገብቶበት ተፈጭቷል። ወፍጮ ቤት ሲኬድ ሁለት ዓይነት ይፈጭ፦ አንዱ በበርበሬ፣ አንዱ ነጭ፤ ሁለቱም ያለ ጨው። በርበሬውም ያለ ጨው ይፈጭ፣ በደንብ ከደረቀ እርጥበት በማይነካው ዕቃ ይቀመጣል። ምስርና አተር ክክ ተለቅመው በየአንዳንዱ ማታ መጠን በላስቲክ ይታሰሩ። ከዚያ በኋላ ማታ የሚቀረው ሽንኩርት ከትፎ ማቁላላት፣ በርበሬ ከመግባቱ በፊት የሕፃኗንና የትልቋን ልጅ ድርሻ መቅዳት፣ ጨው ከመግባቱ በፊት ደግሞ የአያትን መቅዳት ነው።